ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና

የካቲት 11

ሻይ። ግማሽ ዳቦ። የደም ግፊት ኪኒን። ብርዱ ዛሬም አለ።

መካኒኩ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ በአምስት ሰዓት ከሩብ መጣ። ይቅርታም አልጠየቀም። አርባ ዓመት መድኃኒት ቤት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ አርፍጄ ከፍቼ እንደማላውቅ ነገርኩት። አርፍጄ ብከፍት በሽተኛ በር ላይ ይሞት ነበር አልኩት።

"በእኛ ሥራ እማማ፣ ሰው የሚሞተው ሲቸኩል ነው" አለኝ።

ተናደድኩ። ከሄደ በኋላ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

መኪናዬ ላይ የእጅ መቆጣጠሪያውን ገጠመልኝ። ከመሪው ሥር በግራ በኩል የወጣች አንዲት ዘንግ ናት። ወደ ፊት ስትገፋ ፍሬን፣ ወደ ታች ስትጫን ነዳጅ። እግር አያስፈልግም። መሪው ላይ ደግሞ በአንድ እጅ ለማዞር የምትመች ክብ እጀታ አለች።

"እማማ፣ የገዙት'ኮ የጎረምሳ መኪና ነው። ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና አይሻልዎትም ነበር?"

የትኛው ቤተሰብ?... አላልኩትም። የባለ አራት በር መኪና በር አጭር ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበር እንደማያስጠጋ አስረዳሁት። የዚህች በር አንድ ሜትር ከሠላሳ ይረዝማል። መቀመጫዋም ከወንበሬ ዝቅ ያለ ነው፤ መንሸራተት ብቻ ነው። በሜትር ለክቼ ነው የገዛሁት።

"ቀለሟንስ በሜትር ለኩት?"

ቀይ ናት። ይህ ሰው ባለጌ ነው። ሥራው ግን ንጹሕ።

የካቲት 14

ግቢ ውስጥ ስድስት ጊዜ ገባሁ፣ ስድስት ጊዜ ወጣሁ። ክንዴ ዛለ። መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ነው ሥራው።

ቅደም ተከተሉን ወሰንኩ። ወንበሩን አስጠግቼ ፍሬኑን መያዝ። በሁለት እጄ ተደግፌ መሻገር። እግሮቼን በየተራ አንስቼ ማስገባት። ከዚያ የወንበሩ ትራስ፣ ከዚያ ቀኝ ጎማ፣ ከዚያ ግራ ጎማ ተነቅለው ይገባሉ። በመጨረሻ የወንበሩን አካል በደረቴ ላይ አሳልፌ ከጎኔ ካለው መቀመጫ ላይ ማኖር። በልቤ እየቆጠርኩ ከሠራሁት ምንም አይቀርም። መድኃኒትም የምቀምመው እየቆጠርኩ ነበር።

መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ብቻ ነው ያላት። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የወንበሬ። ሰው አብሮኝ ሊሄድ አይችልም። ስገዛት ይህን አላሰብኩም? አስቤዋለሁ። ማን ነበር አብሮኝ የሚሄደው?

የካቲት 20

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መኪናዋ ውስጥ ስገባ ስወጣ በአጥሩ በኩል ሲያየኝ ዋለ። እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ ባየኝ ቁጥር "እትዬ፣ ላግዝዎት?" ይላል። እኔም "አመሰግናለሁ፣ አያስፈልግም" እላለሁ። ዛሬ አልጠየቀኝም። መርፌውን ቀጠለ።

ለምን አልጠየቀኝም?

የካቲት 27

የእህቴ ልጅ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቷ እንዳትሰማ መሆኑ ነው።

"አክስቴ፣ ሐኪሙ የእናቴ ዓይን ብርሃን እያለቀ ነው አለ። አንዱ ዓይኗ ጨርሷል። ሌላው ቢቆይ ሁለት ወር..."

"መነጽር?"

"አክስቴ፣ አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ። የመነጽር ነገር ቢሆን እደውልልሽ ነበር?"

ልክ ናት። ልጅቷ እኔን ነው የወጣችው።

እህቴ ታላቄ ናት፤ በአራት ዓመት። ስድስት ዓመት አልተያየንም። ጀርባዬን ተቀድጄ ከወገቤ በታች የእኔ መሆኑ ሲቀር ሆስፒታል አልመጣችም። ካልጠራችኝ አልሄድም አለች። ሳልጠራት ካልመጣች አልጠራትም አልኩ። ይኸው ነው። ሲጻፍ ሁለት መስመር ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየችኝ ቆሜ ነው። አሁን ልታየኝ የቀራት ሁለት ወር ነው። ወንበር ላይ ሆኜ እየተገፋሁ፣ ሰው በደረጃዋ ላይ እንደ ቁም ሳጥን ተሸክሞኝ... አይሆንም። መኪና ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ተቀምጦ ነው። እንደማንኛውም ሰው ነድቼ በሯ ላይ ብቆም፣ መስታወቱን ዝቅ ባደርግ...

ይህን ገና ስገዛትም አስቤው ነበር፤ እንግዲህ በሩን ለክቼ ገዛኋት ያልኩት ሙሉው እውነት አይደለም።

መጋቢት 6

የመንጃ ፈቃድ ፈተና፤ የድሮው ፈቃዴ ለእጅ መቆጣጠሪያ አይሆንም ተብሎ። ፈታኙ ወረቀቱን እያየ ወጣና "ሾፌሩ የት አለ?" አለ።

"ከፊትህ ነኝ።"

ወረቀቱን አየ። እኔን አየ። መኪናዋን አየ። "እርስዎ... በዚህች?"

"ሌላ አላመጣሁም።"

እሱ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ ወንበሬን ለጥበቃው ሰውዬ ትቼ ሄድኩ። ራቁቴን የወጣሁ ያህል ተሰማኝ። ወንበሬ ከዓይኔ የራቀው ያኔ ብቻ ነው።

ሃያ ደቂቃ ነዳሁ። "ወደ ግራ"፣ "ወደ ቀኝ"፣ "እዚህ ያቁሙ"። ሌላ ቃል አልተናገረም። ትንሽ የሽንኩርት ሽታ ነበረው። ቢሆንም ከጎኔ ሰው ተቀምጦ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ስጨርስ "አልፈዋል፤ ያውም ያለ አንዲት ስሕተት" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ዙር ቢጨምርልኝ ብዬ ተመኘሁ።

መጋቢት 8

ፈቃዱ በእጄ ገባ። ለማን ልንገር?

መጋቢት 15

ብቻዬን ወጣሁ። እስከ ግድቡ ደርሼ ተመለስኩ። ሞተሯ ጀርባዬ ውስጥ ያጉረመርማል፤ ከወገቤ በላይ ባለው ጀርባዬ ማለቴ ነው። ዘንጓን ትንሽ ስጫናት ወንበሩ ወደ ኋላ ይስበኛል። በሰባ አንድ ዓመቴ ማንም እንዲህ አቅፎ ስቦኝ አያውቅም... ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል?

መብራት ላይ ስቆም ሁለት ጎረምሶች ጎኔ ቆሙ። አንደኛው መስታወቱን አወረደና "አያቴ፣ እንወዳደር?" አለ። "የፍጥነት ወሰኑ ስልሳ ነው" አልኩት። ጓደኛው "አስተማሪ እጅ ገባህ" ብሎ ሳቀበት። አረንጓዴው ሲበራ እስከ ስልሳ ድረስ ቀደምኳቸው። ከስልሳ በኋላ አለፉኝ።

ቤት ስገባ የት ነበርሽ የሚለኝ የለም። ራሴን ጠየቅኩ። መለስኩም። ያን ያህል አይመችም።

መጋቢት 24

የእህቴ ልጅ ደጋግማ ደወለች። እመጣለሁ ብዬ ለእናትሽ ልናገር ወይስ ይቅር አልኳት። "አትናገሪ። ነይ ብቻ። እሷ ትምጣ እንዳለች ነው፤ አንቺም እሷ ትምጣ እንዳልሽ ነው። እኔ መሐል ቤት ቆሜ አረጀሁ" አለች።

ቅዳሜ እሄዳለሁ።

መጋቢት 29

እጄ ደክሞኛል፤ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ሆኜ ወንበሬን ማስገባት ጀመርኩ። ትራሱን አስገባሁ። ቀኙን ጎማ አስገባሁ። ልብስ ሰፊው ከሱቁ ወጣ። "እትዬ፣ ዛሬ ሩቅ ነው መሰለኝ። ላግዝዎት?" አለ። ከወር በኋላ መጠየቁ ነው። "ሥራዬን አታቋርጠኝ" አልኩት። ለምን እንደዚያ አልኩ? ደስ ብሎኝ ነበር'ኮ። ፊቱ ሲጨልም አየሁ። አካሉን አንስቼ አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሄድኩ።

በመስታወት ሳይ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ያውለበልብልኛል። እየሮጠም ነበር። ስድቤን ይቅር ብሎ ሲሸኘኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የሸኘኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔም ክላክስ ነፋሁለት፣ እጄን በመስኮት አወጣሁለት። መንገዱን ግማሽ ያህል በዚሁ እየተደሰትኩ ነዳሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። እህቴ በር ላይ ቆምኩ። ሰባት ደረጃ ነው፤ አልረሳሁትም። ወንበሩን ልገጣጥም በሩን ከፈትኩ። አካሉ አለ። ትራሱ አለ። አንድ ጎማ አለ።

አንድ ጎማ።

ከመቀመጫው ሥር አየሁ። ከኋላ አየሁ። ሌላ ቦታ የላትም'ኮ መኪናዋ፤ ሁለቴ ማየት አያስፈልግም ነበር። ግራው ጎማ መንገድ ዳር ቀርቷል። ሰውየው ያውለበለበው እሱን ነው።

አርባ ዓመት አንድ ግራም ተሳስቼ የማላውቅ ሰው።

በሩን መልሼ ዘጋሁ። ሞተሩን አስነሳሁ። ልመለስ ነበር። ማንም አላየኝም... እንደዚያ ብዬ አስቤ ነበር። ተመልሶ መሄዱን ግን እጄ እምቢ አለ። ሞተሩን አስነስቼ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ይሆናል።

መስኮት ተከፈተ። "ማነው በራችን ላይ የሚያጓራው? እዚህ ቤት የሚሸጥም የሚገዛም የለም።"

ድምፅዋ አላረጀም።

"እኔ ነኝ፣ እቴቴ።"

አንገቷን በመስኮት አወጣች። ከዚያ፣ "ሚዛን?" አለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። "ግቢያ ታዲያ።"

"አልችልም።"

"አሁንም ኩራት?"

"ኩራት አይደለም። ጎማ ረስቼ ነው።"

"የመኪናሽን?"

"የእኔን።"

ቀጥሎ የሰማሁት ሳቋን ነው። እናታችን "ይኼ ሳቅ የሴት ልጅ ሳቅ አይደለም" እያለች የምትቆጣበት ያ ሳቅ። ሳቁ እየራቀ ሄዶ በሩ ጋ ተሰማ። ወጣች። ልጅቷ ክንዷን ልትይዝ ስትል "ተይኝ" አለቻት። በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ጮክ ብላ እየቆጠረች ሰባቱን ደረጃ ወረደች። እኔ ተቀምጬ አየኋት። አንድ ደረጃ በወረደች ቁጥር ጣቴ መሪውን ይጨብጥ ነበር። መኪናዋ ጋ ደርሳ ጣሪያዋን በመዳፏ አገኘችው።

"ይኼ ነው ቁመቷ? ሳጥን ነው እንዴ?"

ልጅቷ የወንበሬን ብረት አንስታ ወሰደች። እህቴ ጎኔ ተቀመጠች፤ ወደቀች ማለት ይሻላል። "ወይ ጉድ። መሬት ላይ ነው እንዴ የምትቀመጡት?" ፊቷን ወደ እኔ አዙራ አቀረበች። በጣም አቀረበች። በአንድ ዓይኗ፣ ያውም በጥግ በኩል፣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ሸብተሻል።"

"አንቺም።"

"እኔ መስተዋት ካየሁ ቆየሁ፤ አይመለከተኝም።"

ከዚያ የፈራሁት መጣ። ለምን አልጠራሽኝም አለች። ለምን አልመጣሽም አልኩ።

"ከሰው ነው የሰማሁት። ከገበያ። ቲማቲም እየመረጥኩ።"

"ማንም እንዳይነግርሽ አዝዤ ነበር።"

"አውቃለሁ። ማዘዝ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ እሺ ማለቴ ነው ጥፋቴ።"

ይቅርታ አልተባባልንም። እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። አልተሰማኝም። አየሁት።

"እስቲ ንጂው" አለች።

ሰፈሩን ዞርን። "ፈጠን አይልም?" አለች። ወሰኑ ስልሳ ነው አልኳት። "ማን ያያል? እኔ እንደሆነ አላይም።"

ሰባ ሁለት ነዳሁ። እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

ማምሻውን ስመለስ ልብስ ሰፊው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል። ጎማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ? አልጠየቅኩትም። "ስጮኽ ክላክስ ነፉልኝ" አለ። "አዎ" አልኩ። "እጅም አወጡልኝ።" "አወጣሁ።" ጎማውን ገጠመልኝ። ሲገጥምልኝ አላረምኩትም።

ሚያዝያ 2

ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ቀሚስ ማሳጠር ነው ምክንያቱ። ቀሚሱ ልኬ ነበር።

ግንቦት 11

ዛሬ ቅዳሜ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የእህቴ ነው።

ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ገባሁና ወንበሩን ሳልፈታ ለልብስ ሰፊው ተውኩለት። "በምን ሊወርዱ ነው?" አለ። "አልወርድም" አልኩት። "በአሥራ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ፤ እዚህ ጠብቀኝ።" እባክህ ማለት ረስቼ ከጥጉ ዞሬ ተመለስኩና አልኩት።

መንገዱን ሙሉ ጎኔ ያለው መቀመጫ ባዶ ነበር። ባዶ መቀመጫ ለሰው ሲሆን ሌላ ነው።

እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሞተሯን ከሩቅ ታውቀዋለች። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ብርሃኑ ጨርሷል አለች፤ ጨለማ እንኳ አይደለም፣ እንደ ወተት ነው አለች። ሳታለቅስ ነው የነገረችኝ። እኔም የሐኪም ቃል አልፈለግኩላትም።

ወደ ገጠሩ መንገድ ወጣን። "ምን አለ ውጭ?" አለች።

"በስተቀኝ አንድ ዛፍ። ቁመቱ ስምንት ሜትር ይሆናል።"

"ሚዛን፣ ቁመቱን ማን ጠየቀሽ? ምን ይመስላል ነው የምልሽ።"

ምን ይመስላል? አልፌዋለሁ። አላየሁትም። ሰባ አንድ ዓመት በስንት ዛፍ አጠገብ እንዲሁ አልፌያለሁ?

ቀጣዩን ጠበቅኩ። ቀስ አልኩ። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው አልኳት፤ ጆሮው የከበደው ሰው ሊሰማ ሲጠጋ እንደሚያዘነብለው። ቅጠሉ በፀሐይ በኩል ቢጫ፣ በጥላው በኩል ጥቁር ነው። ሥሩ አንድ ሰው ተኝቷል፤ ባርኔጣው ፊቱ ላይ ነው። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦታል።

"እንዳንቺ ያለ ሰው ነው" አለች። "ሌላስ?"

ይህን ስጽፍ አሁንም እዚያ ነን፤ ፍጥነታችን ሃያ አምስት ነው። በስፖርት መኪና። ከኋላዬ መኪናው ሁሉ ተሰልፎ ክላክስ ይነፋል፣ ያለፈ ሁሉ ይሰድበኛል። ይንፉ። ከፊታችን ካለው አጥር ቀጥሎ ውሃ ይመጣል፤ እሱን ገና አልነገርኳትም።