ወሬውን ያልሰማ ቅጠል

አሰብ፣ መጋቢት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.
ማለዳ

ለውድ ባለቤቴ ለሣህሉ
ላይፕዚግ

ሣህልዬ፣ ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጽፌ ሰረዝኩት። ስለዚህ ከአረሙ ልጀምር።

የውሃ በርሜላችን ሥር የበቀለውን አረም ታስታውሳለህ? አንተ ለትምህርት ከሄድክ ወዲህ ጉልበት አግኝቶ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኻዲጃ ግቢ ተሻገረ። ባሏ ዓብዱልቃድር እርሻ ከሚሠራ ጓደኛው የአረም ማጥፊያ በጠርሙስ አምጥቶ ረጨልኝ። በማግስቱ ባየው ምንም የለም፤ ለምለም ነው። "ውሃ ሸጠውልህ ነው!" ብዬ ሳቅሁበት። "ወላሂ ታያለሽ፣ ቲቸር" አለኝ።

ያኔ የመጨረሻው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። ያ ቀን ከሌት የምትመረምረው ሺኪሚክ አሲድ! ተክል ፕሮቲኑን ለመሥራት የሚያልፍበት መካከለኛ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ቀጣዩን በር ሲዘጋበት አሲዱ ቅጠሉ ውስጥ ይከማቻል ብለኸኝ ነበር። "ብርቅዬ፣ ተክሉ ያለቀለት ያኔ ነው፤ ቅጠሉ ግን ወሬውን ገና አልሰማም" ብለህ ቀለድክ። ለተማሪዎቼ እንዳለ ነገርኳቸው፤ ወደዱት። እዚያው ገጽ ግርጌ ላይ "ሰኞ ትንሽ የሆድ ቀዶ ጥገና አለብኝ፣ ቀላል ነው፣ አትጨነቂ" ብለሃል። እኔም አልተጨነቅሁም። አንተ ቀላል ካልከው ቀላል ነው ብዬ።

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ተለዋወጠብኝ። ከኻዲጃ ጋር በውሃ ወረፋ እንዴት እንደምንጣላ ታውቃለህ። አሁን ሳልጠይቃት በርሜሌን ሞልታ ትጠብቀኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ዓብዱልቃድር ሬዲዮኔን "ላሠራልሽ" ብሎ ወሰደው፤ ምን ሆነና? ለራስ ምታት እንኳ ፈቃድ የማይሰጠው ርእሰ መምህራችን ኃይለጊዮርጊስ "ነገ አትግቢ፣ ትንሽ እረፊ" አለኝ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ!

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ ቀዳዳ ክፍሌን አየሁት። ወንድሜን! አውሮፕላን ገና ሲያይ የሚያልበው ክፍሌ፣ ሳይነግረኝ ከደሴ ድረስ መጥቶ ኻዲጃ ቤት ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊቱን አዞረብኝ። ሣህሉ፣ ወንድሜ ሸሸኝ!

ልብሱን ሳላሰጣ ወደ ቤት ገባሁ። እናቴ ሞታ ቢሆን ክፍሌ ቀብሯ ላይ ይገኛል እንጂ አሰብ ምን ይሠራል? አባባም ከሞተ ቆየ። ሌላ ማን አለኝ? መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። የሰፈራችን የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ልጅ የሞተ ጊዜ በማለዳ ሊያረዷቸው ከሄዱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እንዴት አደሩ እያልኩ ዓይናቸውን አላይም ነበር።

ማንንም አልጠየቅሁም። ካልጠየቅሁ አልተነገረኝም። ሊነጋጋ ሲል ወጥቼ አረሙን አየሁት፤ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ወዲያው ገብቼ ብዕር አነሳሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም። እኔ ደግሞ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው፤ እንግዲህ አለህ ማለት ነው።

ቁስሉ ደረቀልህ? ሾርባ ይሰጡሃል? ብርዱን ተጠንቀቅ፣ የላክሁልህን ሹራብ ከኮትህ ሥር ልበስ።

የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ። በመስኮት አየኋቸው። ክፍሌ ከፊት ነው፣ ኃይለጊዮርጊስ ከኋላው፣ ኻዲጃ አፏን በሻሿ ይዛለች። የመምህራኑ ሚስቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። "ብርቅዬ፣ ክፈቺ እህቴ" ይላል ክፍሌ።

ይቆዩ። ፈርሜ ልጨርስ። እግዚአብሔር ባለህበት ይጠብቅህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ለቤትህ ያብቃህ። መልስህን ቶሎ ጻፍልኝ፤ አንድ መስመር ትበቃኛለች።

ሚስትህ
ብርቅዬ