ወገቤን በባዕድ መርፌ ስለመታከሜ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለወጌሻ ከበበው፤

አባባ፣ ወገቤ ላይ አሥራ አንድ መርፌ ተተክሎ በደረቴ ተኝቼ ሳለ የጫት መኪናው ጥሩምባ ጮኸና አካሚው ጥሎኝ እየሮጠ ወጣ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወሬ መጀመሬ የአስተዳደግ ጉድለት እንዳይመስልዎ፤ መርፌ የተተከለበት ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው። አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ በብርድ ማስቸገሩን ተወ? የእማዬ ሳልስ ለቀቃት? ወንድሜ ደጀን ፈተናውን ጨረሰ? ደጃፍዎ ላይ ተራ የሚጠብቀው ወለምታና ስብራት እንደ ድሮው ነው ወይስ የኮምቦልቻ ሰው መውደቅ ተወ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የወጌሻ ልጅ ሆኜ ሌላ እጅ ላይ መውደቄን ከሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ይህን ጻፍኩ። ደብዳቤውን የጭነት መኪና ሹፌሩ ጫላ ያደርስልዎታል።

የምሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ግን ደረጃ መውጣት ስለሚጠላ ምድር ቤት ይቀራል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ በየቀኑ ስምንት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ወደ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ። የባዮሎጂ ዲግሪዬ የሚያመኝን ጡንቻ በስሙ ለመጥራት ጠቅሞኛል፤ ለሌላ ነገር እስካሁን አልጠቀመኝም። አሠሪዬ ማዳም ሙኒራም ወገቧን ያማታል። የእሷ ከሶፋው የመጣ ነው። ሕመሙ አንድ ሆኖ ሳለ የእሷ በሽታ፣ የእኔ ስንፍና ይባላል።

ታዲያ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ቻይና አገር ተምሮ የመጣ፣ በመርፌ የሚያክም ሙሴ ረምዚ የሚባል ሰው እንዳለ ጎረቤት ነገረቻት። ማዳም መርፌ ትፈራለች። ድሬዳዋ ዘመዶች ስላሏት አማርኛ ታውቃለችና “የውብዳር፣ አንቺንም ይይሽ፤ አዝኜልሽ ነው” ብላ ይዛኝ ሄደች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽዎትም። እዚያ ስንደርስ ግን ለሰውየው በፈረንሳይኛ “መጀመሪያ እሷ ላይ ሞክረው፤ ምንም ካልሆነች እኔ እተኛለሁ” አለችው። ፈረንሳይኛ ከልጆቿ መጻሕፍት መማሬን አታውቅም። ለንጉሥ ወጥ የሚቀምስ ሰው እንደነበረ አንብቤ ነበር፤ መርፌ የሚቀምስ ግን አላጋጠመኝም። ልነሣ አስቤ ነበር፤ ወገቤ በእውነት ያመኝ ስለነበር ተኛሁ።

መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሲገባ የትንኝ ንክሻ ያህል እንኳ አይሰማም። ቅቤ የለ፣ ማሸት የለ፣ “አይዞሽ፣ ጩኺ” የለ። እርስዎ ቢያዩት ሰውየው ሕክምናውን መቼ ነው የሚጀምረው ብለው ይጠይቁ ነበር። አለመሞቴን ስታይ ማዳምም አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ተጋደመች፤ እሷም ላይ ዘጠኝ ተከለ። ሃያ ደቂቃ እንዳንነቃነቅ አስጠነቀቀን። ይኸኔ ሰባት ሰዓት ሆነ። እዚህ ሰባት ሰዓት ማለት ካገራችን ተጭኖ የሚመጣው ጫት የሚበተንበት ሰዓት ነው። ጥሩምባውን ሲሰማ ባለ ሱቁ ሱቁን፣ አናጢው መዶሻውን ይጥላል። ሙሴ ረምዚ ደግሞ እኛን ጣለ።

ወዲያው መብራት ጠፋና ማራገቢያው ቆመ። ማዳም “ተነሺና ጥሪው” አለችኝ። እኔም መርፌ ላይ ነኝ አልኳት። “ያንቺ የሙከራ ነው” አለች። የሙከራም ቢሆን ይወጋል አልኳት። ቀጥላ ተረከዟ ላይ ያረፈችውን ዝንብ እንዳባርርላት አዘዘችኝ። “ማዳም፣ እኔም የራሴ ዝንብ አለችኝ” አልኳት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን እያየሁ መናገር ያቃተኝን፣ ሁለታችንም ፊታችንን ትራስ ውስጥ ቀብረን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ስለ ጀሪካኑ፣ ዓርብ ዕረፍቴ ነው ተባብለን እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለመቅረቱ። መሄጃ ስላልነበራት ሰማችኝ። “ለምን አልነገርሽኝም?” አለች። ሰኞ ወገቤን አመመኝ ብዬ ስነግርዎት “ቀጥ ብለሽ ተኚ” ብለውኛል አልኳት። ከዚያ በቀስታ “ዝንቧ እኮ አሁንም አልሄደችም” አለችኝ።

ሙሴ ረምዚ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉንጩን ወጥሮ፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። የማዳምን ዘጠኙን ነቀለ፤ ከእኔ ግን አሥር ብቻ አገኘ። አንሶላውን አራገፈ፣ አልጋ ሥር ገባ። ማዳም “ወደ እኔ ተሻግሮ ውስጤ ገብቷል” እያለች ታለቅስ ጀመር። ያየሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንደኛውን ሳይተክለው እንደ አናጢ እርሳስ ከጆሮው ኋላ ሰክቶታል። ስለዚህ ከላይ አሥራ አንድ ያልኩት አሥር ነው። ሰውየው ግን ሐቀኛ ነው፤ ሲሸኘን “ይህች ልጅ ሁለት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሣ” አላት።

አሁን የሚቆጡበትን ልንገርዎ፤ ወገቤ ቀለል ብሎኛል። ከመርፌው ይሁን አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳልሸከም ከመተኛቴ አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ስምንቱ ጀሪካኖች ደረጃው ሥር ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ማዳም “ታክመሻል አይደል? እንግዲህ ሁለት ሁለቱን አውጪ” አለችኝ። አልበቃ ብሏት “ዓርብም አትወጪም፤ የዚህ ሳምንት ዕረፍትሽን እዚያ አልጋ ላይ ጨርሰሻል” አለች። ባዶ እጄን ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ደረጃው ያን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ባሏ ከሥራ ሲገባ ውሃ የለም። እየተቆጣ አንዱን ጀሪካን አነሣና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። በማግስቱ ወደ ሙሴ ረምዚ ሊሄድ ሲነሣ ማዳም ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። “ዛሬስ ሌላ ቀማሽ ፈልጉ” አልኩ፣ በፈረንሳይኛ። ሁለት ዓመት ፊቴ ያወሩትን ሁሉ በልባቸው ሲያስታውሱ ፊታቸው ላይ አነበብኩት። እስካሁን አላባረሩኝም። ቢያባርሩኝ ዋራበሌ ሰፈር የምትኖረው ጓደኛዬ ሀዊ ፍራሼ ለሁለት ይበቃል ብላኛለች።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ደጀን ከባድ ሲያነሣ ጉልበቱን ይጠፍ እንጂ ወገቡን እንዳያጎብጥ ይንገሩልኝ። ትንሿ እህቴ በእምነት ፈረንሳይኛ ልማር ብላለች፤ ትማር፣ ይጠቅማታል።

አባባ፣ በጫላ በኩል የላኩልኝ ቃል “ቻል አድርጊው ልጄ፣ የሰው ቤት ነው” ይላል። በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። ነገር ግን እግሩን እየጎተተ ደጃፍዎ የመጣን ሰው አንድ ቀን እንኳ ቻለው ብለው መልሰውት አያውቁም። ስለዚህ በዚያው ቀን ለማዳምና ለባሏ ቁርጡን የነገርኩትን እርስዎም ይወቁልኝ። ውሃ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አላወጣም። ዓርቤን ለማንም አልሰጥም። እኔ ሳልጠየቅ ሰውነቴ ላይ ማንም ምንም አይሞክርም። ቻይው የሚለውንም ቃል፣ ከእርስዎ አፍ ቢወጣ እንኳ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅዎ የውብዳር ከበበው
ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4
ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.