ግማሽ ሹሩባ

ሰኞ፣ ሐምሌ 5

አበበች ዛሬም እህል አልቀመሰችም። አማን ሆስፒታል ያለው ሐኪም «ወደ ቤቷ ውሰዷት» ካለ ይኸው ሳምንቱ። ባሏ ጋሽ ደስታ ለልጃቸው ለፀሐይ ወደ ጌጫ ሰው ልከዋል። እዚያ አስተማሪ ናት፤ በዚህ ጭቃ መኪና ካገኘች ሐሙስ ትደርሳለች።

አበበችን የጨነቃት ሞቱ አይደለም። ሁለት ወር ተኝታ ፀጉሯ ተቋጥሮ ተቋጥሮ ቀርቷል። «ልጄ እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ፤ ነገ ነይና ሥሪኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6

ቀበሌው ጸሎት ቤታችንን ካሸገ ወዲህ እኔ ቤት ሹሩባ የሚሠራው ሰው በዝቷል። አንዷ ራሷን ትሰጠኛለች፣ ሦስቱ ተራ ይጠብቃሉ፣ ቃሉ በሹክሹክታ ይነበባል።

ድሮ ወንጌላዊው «ጸጋችሁን ተናገሩ» ሲለን አንዱ መዝሙር አለ፣ አንዷ ማስተማር። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «የእሷ ጣቷ ነው» ያለችው አበበች ናት። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ዛሬ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ ሎሚ ደጃፌ ላይ ቆማ «አንቺ ቤት የሚሠራ ራስ አያልቅም?» አለችኝ።

«ቅማሉ አስቸግሮን ነው ጓድ።»

አልሳቀችም። «አበበች ቤት ስብሰባ አለ ሲባል እንዳልሰማ» ብላ ሄደች።

ፈራሁ። ሳልሄድ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 7

ብቻዬን ሄድኩ። ቅቤ፣ ሚዶ፣ ለብ ያለ ውሃ። ቋጠሮውን መፍታት ብቻ እስከ ቀትር ፈጀ። አንዴም አመመኝ አላለችም። «አውሪ እንጂ፣ አንቺ ዝም ስትይ የሞትኩ ይመስለኛል» አለችኝ። አወራሁ፣ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አልቀረኝም። ግራው አለቀ፤ ስድስት ጉንጉን። ከዚያ ራሷ እጄ ላይ ከበደ።

«ቀኙን ነገ» አለች።

ትናንት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያልቅ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ሴቶቹ ሊገንዟት ሲሉ «ቆዩኝ» አልኳቸው። ቀኙን ሠራሁ። ስድስት። አላወራሁም።

ፀሐይ በስምንት ሰዓት ደረሰች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ሳንቀብር እሷን ስንጠብቅ ነበር። ነጠላውን ገለጥኩላት፤ የእናቷን ራስ ዳበሰች።

«ማን ሠራት፣ እትዬ?»

«እኔ።»

«በሕይወት ሳለች?»

መዋሸት እችል ነበር። «ግራውን» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጉንጯን ግራው ላይ አሳረፈች። ያነሣት ሰው የለም። ያለ መዝሙር ቀበርናት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 9

ጓድ ሎሚ ለቅሶ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ «እኔ ያልኩሽ ስብሰባ ነው እንጂ ራሷን አትሥሪ አላልኩሽም» አለች።

እውነቷን ነው። አላለችኝም።

ሲመሽ ደግሞ ከወንዝ ማዶ እማማ ብርቄ ሰው ላኩብኝ። እሳቸውም ተኝተዋል፤ «ሲመቻት ትምጣና ራሴን ትሥራልኝ» ብለዋል። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። ሚዶውን ላጥብ ባነሣ የአበበች ፀጉር ጥርሱ መሐል ቀርቶ አገኘሁት። አልጣልኩትም።