ከሊቀመንበሩ ጀርባ ስለደበዘዘው ግንብ

ለክቡር ኦዲልሾ ማቭሉዶቭ፣
የወረዳችን የአደጋ መከላከል ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የበረታ፣ ቢሮዎም የሞቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የፓስትዳራ ሰዎች ደኅና ነን። የበረዶውን ወራት አልፈን የጸደይ አዲስ ዓመታችንን ናቭሩዝን አክብረናል፤ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስም ግንቡ አልወደቀም።

ስሜ ቆይምዶድ ኔክቃዳሞቭ ይባላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በላይኛው መንገድ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን እነዳ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሣትን ማንም አላስተማረኝም፤ ልጄ ከሩሲያ የላከልኝን ትንሽ የኪስ ካሜራ ከመመሪያው ጋር እያስተያየሁ፣ እየተሳሳትሁ ለመድሁት። በግል ደጋግሜ ጽፌልዎት መልስ ስላላገኘሁ፣ ጊዜዎን መሻማት እንዳይሆንብኝ በመስጋት፣ ሻይዎን እየጠጡ እንዲያነቡት በጋዜጣ መጻፉን መርጫለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን በአጭሩ ላስረዳ። ከትምህርት ቤታችን በላይ፣ የሳንጎብ ወንዝ ከገደሉ በሚወጣበት በር ላይ አንድ የድንጋይ ግንብ አለ። ሥራው በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣውን የጭቃ ጎርፍ ከልጆቻችን ላይ ማዞር ነው። ይህ ግንብ ባለፈው መኸር ተሰንጥቋል። ዛሬ ስንጥቁ ክንዴን እስከ ክርኔ ያስገባል፤ ግንቡም ወደ ትምህርት ቤቱ በኩል ሆዱን ገፍቷል። እኛ አዲስ ግንብ ይሠራልን አላልንም። የጠየቅነው፣ ግንቡ እስኪጠገን ልጆቹ ሌላ ቦታ እንዲማሩ የሚፈቅድ አንድ ወረቀት ነው። ርዕሰ መምህርቷ ኒሶ ያለ እርስዎ ወረቀት አንድ ወንበር እንኳ ከክፍል ማውጣት አትችልም።

ስለተደረገልን መስተንግዶ ሁሉ ማመስገን ስላለብኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ካሜራዬ በሰጣችሁት አስተያየት እጅግ አመሰግናለሁ። የግንቡን ፎቶግራፎች ከማመልከቻው ጋር ይዤ ቢሮአችሁ በመጣሁ ጊዜ፣ ምክትልዎ ካሜራውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ እንደ አያት እየጠሩኝ፣ "ቦቦ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሳሙናውን የት አደረጉት?" አሉኝ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ካሜራ ሁሉም ሰው የሳሙና ማስቀመጫ ስለሚለው አልተቀየምሁም። ሚስቴ ሳቭሪም እንዲሁ ትለዋለች፤ ልዩነቱ እርሷ ከሰደበችው በኋላ ሻይ ትቀዳልኛለች። ማመልከቻው የተመለሰልኝ "ፎቶግራፎቹ የጥራት ደረጃ ስለማያሟሉ በባለሙያ ካሜራ በተነሣ ምስል ይደገፍ" ከሚል ማስታወሻ ጋር ነው። ካሜራዬ በምስሉ ጥግ ላይ በብርቱካንማ ቀለም የሚጽፈው ቀንም የምስሉን ውበት እንደሚያበላሽ በቃል ተነግሮኛል። ግንቡ መቼ እንደተሰነጠቀ ማወቅ ውበት የሚያበላሽ መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

፪. ኮሚቴው የገዛውን፣ መስታወት አልባ የሚባለውን አዲስ ዓይነት የባለሙያ ካሜራ ለማየት በመብቃቴም አመሰግናለሁ። ሁለቱን ካሜራዎች ለማወዳደር ዕድል አግኝቻለሁና ሚዛኔ እንዳያጋድል ተጠንቅቄ ልጻፍ። የኮሚቴው ፎቶ አንሺ ሙናቫር አክስቷን ልትጠይቅ ወደ መንደራችን በመጣችበት የዕረፍት ቀኗ እቤቴ ጎራ ብላ ካሜራውን በእጄ አስያዘችኝ። እንደ ሕፃን ይከብዳል። ሲያነሣ ድምፅ የለውም። ሰው ፊቱ ሲቆም አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን የሰውየው ዓይን ላይ ታርፋለች፤ ሰውየው ቢንቀሳቀስም አትለቀውም። ሙናቫር ምድጃው ዳር ጨለማ ውስጥ የተቀመጠችውን ሳቭሪን አንሥታ ስታሳየን ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ሳቭሪ ምስሏን ትክ ብላ አይታ፣ "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መጨማደድ ከየት አምጥተሽ ለጠፍሽብኝ? የሽማግሌው ሳሙና ማስቀመጫ እንኳ በዚህ በኩል ጨዋ ነው" አለቻት።

የእኔው ካሜራ ይህን ሁሉ አይችልም። ሌንሱ ሲወጣ እንደ እኔ ጉልበት ይንቋቋል፤ ክዳኑ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሚቆም በጥፍሬ እገፋዋለሁ። ሲመሽ ያነሣው ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የጎረቤቴን ልጅ ሠርግ ባነሣሁ ጊዜ ሙሽራዋ የጉበት ሕመምተኛ መስላ ስለወጣች፣ እናቷ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን የምትመልሰው በግማሽ አፏ ነው። ለእርሱ የሚነገርለት ነገር ቢኖር በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ መሥራቱ ነው፤ ድንጋዩንም ሱቃችን ውስጥ ከክብሪቱ አጠገብ አገኘዋለሁ። ሙናቫር ግን ትርፉን ባትሪ ብርዱ እንዳይገድልባት ብብቷ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው።

ሌላም አንድ ልዩነት አለ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እርሱ ነው። ሙናቫር እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ "ቦቦ፣ የትልቁ ካሜራ ሌንስ አፉን በሰፊው ሲከፍት የፊተኛውን ያጠራል፣ የኋለኛውን ያሟሟዋል። የእርስዎ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም እኩል ነው የሚያየው፤ አፍንጫውንም ተራራውንም።"

"ታዲያ ያንቺ ግንቡን ማሳየት አይችልም ማለት ነው?" አልኋት።

"እንዴት አይችልም? አፉን አጥብቤ ባነሣው ኖሮ ስንጥቁ ውስጥ ያለችውን ጠጠር ያሳይዎት ነበር። ሊቀመንበሩ ሊጎበኙ በመጡ ቀን ያዘዙኝን ነው ያነሣሁት።"

ስለዚህ ካሜራውን አልከስስም። ድንቅ ዕቃ ነው። የልጅቷንም ስም የጻፍሁት ፈቅዳልኝ ነው፤ "ይጻፉት፣ ቦቦ፤ ካባረሩኝ ሠርግ አነሣለሁ። እርስዎ ካበላሿቸው ሙሽሮች ብጀምር እንኳ ሥራ አላጣም" ብላኛለች።

፫. መንደራችንን በአካል ስለጎበኙልን አመሰግናለሁ። ያን ቀን እኛ ሽማግሌዎቹ ዱላችንን ይዘን እስከ ግንቡ ልንወስድዎት ተዘጋጅተን ነበር፤ ሴቶቹም ሽርቾይ፣ የወተት ሻያችንን፣ አፍልተው፣ ትኩስ ዳቦ ደርድረው ይጠብቁ ነበር። ክቡርነትዎ ግን መንገዱ ጭቃ መሆኑን አይተው ከትምህርት ቤቱ በር ላለማለፍ ወሰኑ። ሾፌርዎም አርቆ አሳቢ ስለሆነ ሞተሩን አላጠፋም። እዚያው በሩ ላይ፣ ግንቡን ከሩቅ ከጀርባዎ አድርገው ቆሙና ለሙናቫር፣ "ልጄ፣ ያ ፍርስራሽ ከኋላዬ እንዳይጎላ፤ ለስለስ አድርጊው" አሏት።

"ረኢስ፣ የመጣነው ለፍርስራሹ መስሎኝ" አለችዎ፣ በሊቀመንበርነት ማዕረግዎ ጠርታ።

"የመጣነው ለመመልከት ነው። ተመልክተናል። አንሺ።"

አነሣች። ሽርቾዩን ሳይቀምሱ ሄዱ። ሳቭሪ ድስቱን እያየች፣ "የሚጠጣውን አፍልተን ነበር፤ ሰውየው ግን ለካ የመጣው ሊነሣ ነው" አለችና ለልጆቹ አከፋፈለችው።

፬. ስለ ውሳኔው ፍጥነት አመሰግናለሁ። በፊት አንዲት መልስ ለማግኘት ወራት ስንጠብቅ እንደኖርን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ውሳኔው "ሊቀመንበሩ ግንቡን በቦታው ተገኝተው በዓይናቸው ተመልክተዋል፤ በባለሙያ ካሜራ በተነሣው ተያያዥ ምስልም ላይ ምንም ዓይነት ስንጥቅ አይታይም" ይላል። ምስሉን አየሁት። እውነት ነው፣ ስንጥቅ አይታይም። ግንብም አይታይም። ከትከሻዎ ኋላ ያለው ነገር በሞቀ ድስት ውስጥ የቀለጠ ቅቤ ይመስላል። የኮትዎ ክር ግን እንዴት እንደተሸመነ ይታያል፤ ጢምዎን ሲላጩ ከጆሮዎ ሥር የዘነጓት አንዲት ነጭ ፀጉርም ትታያለች። የወረዳችን አደጋ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም ነበር።

፭. ይህንኑ ምስል በር በሚያህል ወረቀት አሳትመው ለየትምህርት ቤቱ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። የእኛው ከታላላቆቹ ልጆች ክፍል ተሰቅሏል፤ የተሰቀለበት ግድግዳ ወደ ግንቡ የሚያይ መስኮት ካለበት ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን ነው። ልጆቹ በመስኮቱ አንዱን ግንብ፣ በወረቀቱ ላይ ሌላውን ግንብ እያዩ ይማራሉ። የትኛውን እንደሚያምኑ አልጠየቅኋቸውም።

፮. በስድስተኛው ላይ ምስጋና አልመጣልኝም፤ ስለ ድካሜ ይቅር ይበሉኝ። መምህርት ኒሶ ሕዝብ ታሸብራለች ተብላ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። የሠራችው ነገር ቢኖር የታናናሾቹን ክፍል ወንበሮች ግንቡ ካለበት ወገን ወደ ሌላው ወገን ማስጠጋት ነው። የክፍሉ ስፋት እኔ ቁጭ ብዬ እግሬን የምዘረጋበት ያህል ነው። ወንበሮቹን ቢያስጠጉ ባያስጠጉ ለጭቃው ለውጥ እንደሌለው እርሷም ታውቃለች። ለምን ደከምሽ ብላት፣ "ቦቦ፣ ቁጭ ብዬ ማየት ስላቃተኝ ነው" አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ሊቀመንበሮች ሲመጡና ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ከእነርሱ ጋር መከራከር ሰልችቶኛል። ከእርስዎም ጋር ብዙ መከራከር አልፈልግም። የሰሞኑ ፀሐይ ግን በላይኛው ሸለቆ ያለውን በረዶ መብላት ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ የሳንጎብ ውኃ ቀለሙ ይለወጣል፤ ከትናንት ጀምሮ ከስንጥቁ ሥር ጭቃ ይንጠባጠባል። ጭቃው የፎቶግራፍ ጥራት ደረጃ እስኪሟላ አይጠብቅም።

ስለዚህ የወላጆች ስብሰባ የወሰነውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከነገ ጀምሮ የፓስትዳራ ልጆች በእኔ ቤት ይማራሉ። ቤቴ ከወንዙ ራቅ ባለ ከፍታ ላይ ነው፤ አምስቱ ምሰሶዎቹም አባቴ እንደተከላቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። ታናናሾቹ ምድጃው ዳር፣ ታላላቆቹ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ሳቭሪ ጫማ የማያወልቅ ልጅ እንደማታስገባ ከወዲሁ አስታውቃለች። መምህርት ኒሶ በዚህ ውሳኔ እጇ የለበትም። ልጆቹን ከክፍል አስወጥቼ የምወስደው እኔ ነኝ፤ እርሷ የምትመጣው ተማሪዎቿ ስለሚጠፉባት ነው። ማስጠንቀቂያው፣ ቅጣቱ፣ ክሱም ካለ በእኔ ስም ይጻፍልኝ። ስሜን በትክክል እንዲጽፉት ከላይም ከታችም አስፍሬዋለሁ።

ወረቀቱ ግን አሁንም ያስፈልገናል። ያለ እርሱ የምግብ አቅርቦቱ ባዶው ትምህርት ቤት በር ላይ እየተራገፈ ይቀራል፤ ልጆቹም ዓመቱን እንዳልተማሩ ይቆጠራሉ። አንድ ፊርማ ነው። በባለሙያ እስክሪብቶ መፈረም ግዴታ ከሆነ ያሳውቁን፤ ተዋጥተን እንገዛለን።

ከፍ ያለ አክብሮቴ ከጫማዎ ሳይርቅ፣ ጫማዎም የሳንጎብን ጭቃ ሳይነካ ለዘለዓለም እንዲያበራ እየተመኘሁ፣

የሳሙና ማስቀመጫው ባለቤት
ቆይምዶድ ኔክቃዳሞቭ
ፓስትዳራ

ማሳሰቢያ፦ ወንበሮቹን ልናወጣ ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ሳቭሪ ከትልቁ ምስልዎ ላይ አቧራ ስትጠርግ ቆየችና፣ "ሽማግሌ፣ መነጽርህን አድርገህ ና። ዓይኑ ውስጥ መኪና አለ" አለችኝ። ቀርቤ አየሁ። ካሜራው በእርግጥም ድንቅ ነው። በቀኝ ዓይንዎ ብሌን ውስጥ ሙናቫር ካሜራዋን ይዛ እንደ ትንሽ ጥላ ትታያለች፤ ከጎኗ ነጩ መኪናዎ፣ የኋላ በሩ እንደተከፈተ፣ ከእነ እጀታው ጥርት ብሎ ይታያል። ውሳኔው "በዓይናቸው ተመልክተዋል" ያለው ስለ የትኛው እንደሆነ አሁን ገብቶናል። ልጆቹ በሙሉ እንዲያዩት ብለን ምስሉን ወደ እኔ ቤት አዛውረነዋል፤ ግንቡ ግን አሁንም እዚያው ነው።