ኤሲ ሲበራ የምትግለው ኮሮላ

ካራ፣ ሰኔ 1995 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኤልቃና፣

በደብዳቤ የምነግርህ ስልኩ ሳሎን ስለሆነ ነው። አባዬ ደግሞ ሳንባውን ታመመ እንጂ ጆሮውን አልታመመም። ይህ እስኪደርስህ ድሬዳዋ ሆነህ በየማታው እየደወልክ "ምንም የለብህም፣ ሳል ብቻ ነው" ስትለው ትከርማለህ። እኔን ግን ውሸቱ አንገሽግሾኛል።

ሐኪሙ ካንሰር ነው፣ ክረምቱን አያልፍም ሲለን "አባዬ እንዳይሰማ" ያልከው አንተ ነህ። እሺ አልኩህ። ሐኪም ቤት የማመላልሰው ግን እኔ ነኝ። ኮተቤ ላይ መንገዱ ተቆፍሮ አቧራው አይጣል ነው፤ መስኮት ስከፍት ያስለዋል፣ ስዘጋ ይታፈናል። ስለዚህ ኤሲ አበራለታለሁ። "ቤንዚን ይበላል" ብሎ ማንንም የማያስነካው ሰውዬ አሁን ዝም ይላል። ኮሮላዋ ደግሞ ኤሲ በበራ ቁጥር ትግላለች። ሾላ አካባቢ ያለ አንድ መካኒክ "አርጅታለች፣ ኤሲውን ተዪው" አለኝ። ለእሱ ተዪው ማለት ቀላል ነው።

ማክሰኞ ከሐኪም ቤት ስንወጣ አባዬ "እንጦጦ አውጪኝ፣ የባሕር ዛፍ አየር ልሳብ" አለኝ። ኪዳነ ምሕረት ሳንደርስ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ውስጥ ገባ። እኔ ማልቀስ ዳዳኝ። የአባዬ ፊት ግን በራ፤ ጋራዡን ዘግቶ መካኒክነቱን ከተወ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

"ኤሲውን አጥፊው" አለ። ቆመን ስናይ ቀስቱ ወረደ። "እስቲ መልሰሽ አብሪ።" ስመልሰው ቀስቱ እንደገና ወጣ።

"ውሃ ትጨርሳለች?"

"አትጨርስም።"

"እንዲህ ከመሆኗ በፊት ምኗን ነክተውባት ነበር?"

"ከፋሲካ በኋላ የኤሲውን ፋን ቀይረውልኛል።"

ኮፈኑን አስከፈተኝና ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ሰጠኝ። "ከፊት በኩል፣ በፋኑ ትይዩ ያዢው።" ሶፍቱ ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ እኔ ተርገበገበ።

"አየሽ፣ አየር መሳብ ሲገባው እየተፋ ነው። ሁለቱን ሽቦ አገላብጠው አስረውታል። አንዱ ፋን ያስገባውን ይሄኛው ይመልስበታል።"

ሞተሩን አጥፍቼ፣ እሱ እያዘዘኝ ሽቦዎቹን አቀያየርኩና በናስትሮ ጠቀለልኳቸው። አስነስተን ኤሲ ስናበራ ቀስቱ መሃል ላይ ቀረ። ደስ ብሎኝ አቀፍኩት። ያቀፍኩት አጥንት ብቻ ነው፣ ኤልቃና።

"ኡርጂ" አለኝ፣ "ስንት ዘመን ሰውን ምን ተለወጠ እያልኩ ስጠይቅ ኖርኩ። እኔ ቤት ብዙ ነገር ተለውጧል። ኤሲ ይበራልኛል። በበዓል እንኳ የማይደውል ኤልቃና በየማታው ይስቅልኛል። አንቺም ስቆጣሽ መልስ መስጠት ትተሻል።" ሳል አቋረጠው። "ክረምቱን አልፋለሁ?"

ኮፈኑን ዘጋሁት። ከዚያ "ሐኪሙ አያልፍም ብሏል" አልኩት። ከፈለግህ ተቆጣኝ። እንደዚያ ፊት ለፊት ጠይቆኝ ልዋሸው አልቻልኩም።

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እኔም አጠገቡ ገባሁ። "ፈራሁ" አለኝ። አባዬ ፈራሁ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ። ቆይቶ ፊቱን ጠረገና "ማወቄን ለኤልቃና እንዳትነግሪው" አለ። "የደበቀኝ ሲመስለው ነው የሚያርፈው። ካወቀ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።" በእግዚአብሔር ፊት ቃል ግቢልኝ አለኝ፤ ገባሁለት።

ይኸው ቃሌን እያፈረስኩ ነው። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ የምትለውን ተውና አሁን ና። ይህ በደረሰህ ማታ ስትደውል "ተሽሎኛል፣ አትልፋ" ይልሃል፤ ይስቅልሃልም። አትመነው። ትናንት ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስምህን ሲጠራ ሰምቼዋለሁ።

እህትህ ኡርጂ ኤጀታ