ሲስተሮቹ ፊት የምትቀርብ እናት

ኮበር፣ አል ራዋቢ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ በክረምቱ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያነክስሻል? እነሰርክአዲስስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ፣ እመብርሃን ትመስገን፣ ደህና ነኝ። በስልክ ከድምፄ ስለምታውቂብኝ ነው በጽሑፍ ማድረጌ። ይህን ደብዳቤ ትንሳኤ እንዳታየው።

ልጃችን ትንሳኤ ስምንተኛን አለፈች ስትዪኝ ኩሽና ውስጥ እልል ብዬ ማዳም ደንግጣ መጣች። ከሁለቱ የሴቶች ትምህርት ቤት የቱ ይሻላል ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እኔ ዘንድሮ የትምህርት ቤት መርማሪ ሆኜልሻለሁ! ማዳም ለልጇ ለሪም የግል ሁለተኛ ደረጃ ስትፈልግ እኔን አስከትላ ነው የምትዞረው። እዚህ አረብ አገር የሴቶች ትምህርት ቤት በር ወንድ አያልፍም፤ ባሏ መኪና ውስጥ ይቀራል፣ እኔ እገባለሁ። እሷ ከዳይሬክተሯ ጋር ስታወራ እኔን ሽንት ቤቱን እይልኝ ትለኛለች። የሽንት ቤት ሚኒስትር በይኝ።

ደማም ከተማ ያየነው ትምህርት ቤት እብነ በረድ በእብነ በረድ ነው፣ መዋኛም አለው። ልጆቹ ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩሽም። ኮበር ያለው ግድግዳው ተላልጧል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ልጃገረዶቹ ግን በእረፍት ሰዓት ሲስቁ ግቢው ይናጋል። ለሪም ይሄ ይሻላታል አልኩ። ማዳም አፍንጫዋን ነፋች፤ ሪም ግን እጄን ይዛ ሙጭጭ አለች። እዚያው ተመዘገበች።

ለእኛም ልጅ የካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ይሁን። አዲሱ ትምህርት ቤት ፎቁ ያምራል፤ በላክሽው ቪዲዮ ግን የሲስተሮቹ ልጆች ሲስቁ ሰምቻለሁ። ችግሩ፣ አዲሱ ማንም ዘመድ ቢያቀርባት ግድ የለውም፣ ሲስተሮቹ ግን እናትየዋን ሳያነጋግሩ አይቀበሉም ብለሽኛል።

በሐምሌ እመጣለሁ፣ እናትሽ እኔ ነኝ ብዬ ለትንሳኤ ራሴ እነግራታለሁ፣ እኔው ይዣት እቀርባለሁ ብዬሽ ነበር። ሻንጣ ሁሉ ገዝቼ ነበር። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ስጡኝ፣ ወደ አገሬ ልግባ ስላቸው ሪም ለቅሶ በለቅሶ ሆነች። ያለ እሷ አዲስ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ማዳምም ማፊ ኹሩጅ፣ መውጫ የለም፣ ሪም አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ብላ ዘጋችኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በእነሱ እጅ ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ? ሪምን ልጠላት ፈልጌ እንኳ አቃተኝ፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ትንሳኤን ጡት ሳላስጥላት ነው ያስታቀፍኩሽ። እማዬ የምትለው አንቺን ነው። ስለዚህ ሲስተሮቹ እናቷ ማን ናት ሲሉ አንቺ ተነሺ። አትቅለስለሺ፣ አላበልሽም። ልጅቷ ምን ትወዳለች፣ ምን ትፈራለች፣ ስትታመም እንዴት ያደርጋታል ቢሉሽ ትመልሻለሽ። እኔን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?

ያንን ነገር ደግሞ አትንገሪያት። እኔም ስመጣ አልነግራትም።

እመብርሃን በጥላዋ ትሰውርሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ።

አክስቷ