ያልበራው ብልቃጥ

ኅዳር 13፣ መሐል ሜዳ

ከጋራዡ በታች ያለው ምንጭ ንጹሕ ነው ቢሉኝ አላምንም። የአሮጌ ባትሪ ውኃ ሲደፋበት በዓይኔ አይቻለሁ። ለትምህርት ቤታችን የተላኩት ባክቴሪያዎች ግን ዛሬም አልበሩም። የእርሳስ መርዝ ያለበት ውኃ ሲነካቸው አረንጓዴ እንዲያበሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጋራዡን ባለቤት ነው። ውኃውን አስለውጦብኝ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ለማነጻጸሪያ የተሰጠኝን የእርሳስ ጠብታ ራሴ ብልቃጡ ውስጥ ጨመርኩ። አሁንም ጨለማ። ባክቴሪያዎቹ ሞተዋል ማለት ነው። ማን ገደላቸው?

ውኃው የመጣበትን ጠርሙስ አሸተትኩት። ጢስ ጢስ ይላል። የትናንቱ የኅዳር ጢስ ልብሴ ላይ ቀርቶ መስሎኝ ነበር፤ ግን ወይራ ነው። ውኃውን ወደቀዱልኝ ወደ እትዬ አሰለፈች ቤት ሄድኩ።

«እትዬ፣ በምን ነበር የቀዱልኝ?»

«በገንቦዬ ነዋ! ደኅና አድርጌ በወይራ አጥኜ። ለምርመራ የሚሄድ ውኃ በእድፋም ዕቃ ይቀዳል እንዴ? ምነው፣ አሳፈርኩህ?»

«ኧረ በጭራሽ» አልኳቸው። የወተት ዕቃ የሚታጠነውስ ለምን ሆነና፤ ጢሱ ተሕዋስያንን ይገድላል።

ቤት ስገባ፣ ባለፈው ሳምንት ባክቴሪያዎቹ ስላልበሩ ብቻ «ንጹሕ ነው፣ ጠጡት» ያልኩባቸውን የሌሎቹን ምንጮች ጠርሙሶች አወረድኩ። እነሱንም የቀዱልኝ የየመንደሩ እናቶች ናቸው። የመጀመሪያውን ከፍቼ አሸተትኩ። ወይራ። ሁለተኛውን ሳልከፍት፣ «ውኃውን እንዳትጠጡ» ልላቸው ወደ መንደሮቹ ወጣሁ።